ሰባት መስመር

ሰውየውን መጀመሪያ ያገኘሁት ልገድለው ሄጄ ነው።

ደርግ በገባ በዓመቱ ነው። ባለቤቴ ቅጠልና ጭራሮ ልትለቅም ማለዳ ወደ እንጦጦ ወጥታ ነበር፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ባዶዋን ተመለሰች። ሸክም የለ፣ ገመድ የለ። ቀሚሷ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቆ ደርቋል። ለብ ባለ ውሃ እያራስኩ ሳላቅቀው ቆዳዋ አብሮ መጣ። ማነው ብላት የደን ዘበኛው ነው አለች፣ ያ ቀውላላው። ሴቶቹን ከባሕር ዛፉ ውስጥ እንደ ከብት ነድቶ አውጥቶ ገመዳቸውን በማጭድ ቆራርጦባቸዋል። እሷ ገመዴን አልሰጥም ብላ ያዘች። እስኪደክመው ድረስ በአለንጋ ገረፋት። ገመዱ የጠፍር ነበር፣ ከእናቷ የወረሰችው። ስታለቅስም ያለቀሰችው ስለ ገመዱ ነው እንጂ ስለ ጀርባዋ አይደለም።

እኔ ያን ጊዜ የካ ካባ ላይ ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ። ጉልበት ነበረኝ፤ ትዕግሥት ግን ያኔም አልነበረኝም። ትልቁን መዶሻ ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግር መንገዱ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በታች፣ ሸለቆው አፋፍ ላይ፣ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ከእግሩ እሾህ ሲነቅል አገኘሁት። ጤና ይስጥልኝ አላልኩትም። መዶሻውን ወደ ራሱ ሰነዘርኩ፤ ዘወር ሲል ትከሻውን አገኘው። ድንጋይ ሲሰነጠቅ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የሰው አጥንት ግን እንደ እርጥብ እንጨት ነው የሚጮኸው። ወደቀ ስል በደህና እጁ ቆመጡን አንስቶ አፌን አገኘኝ። አራት የፊት ጥርሴን እዚያ ትቻለሁ። ተያይዘን ሸለቆው ድረስ ተንከባለልን። እሱ ነክሶኛል፣ እኔም ዓይኑን ላወጣ ሞክሬአለሁ፤ አልዋሽም። የተላቀቅነው ታርቀን አይደለም፣ ሁለታችንም መነሣት ስላቃተን ነው።

ተጋድመን ሳለ ገመዱን ለምን ቆረጥህ አልኩት። መንግሥት ቀጥሮኝ ነው አለ፤ ገመዱን ካልቆረጥኩ ነገም ይመጣሉ። ሰውየው ከእንጦጦ ማዶ የመጣ ገበሬ የነበረ ኦሮሞ ነው፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም አፉ ላይ እኩል ነው። ያን ቀን በሁለቱም ሰደበኝ። ከዚያ እየዳኽን በየፊናችን ወረድን።

በዚያው ዓመት የትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። የምንኖርበት ግቢ ባለቤት ሁለት ቤት ነበራቸው፤ አንዱ ተወሰደና ለቀበሌ ሆነ። ቀበሌው ደግሞ ከኛ ጓዳ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚገናኘውን ክፍል ለዚያው ለደን ዘበኛ ሰጠው። ትከሻው ገና በጨርቅ ታስሮ ነበር። እኔም አፌ አልዳነም ነበር። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው፣ ልጅ አልወለደችለትም፤ አንድ ሳጥንና አንድ ቁርበት ይዞ ገባ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ በር እየገባን እየወጣን ቃል አልተነጋገርንም። ጧት ጧት ሽንት ቤት በር ላይ ስንገናኝ መጀመሪያ የደረሰው ይገባል፣ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ሰፈሩ ሁሉ የኛን ጠብ ያውቅ ነበር። መጠጥ ቤት የሚያወሩት ሲያጡ እሱን ነበር የሚያወሩት።

ከዚያ ካርዱ መጣ።

ቀበሌው ቤት ለቤት ሰው ቆጠረና ለያንዳንዱ ቤተሰብ ካርድ ሰጠ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሲገኝም ጤፍ በእሱ ነው። ከካርዱ ውጭ ያለ ሰው ገበያ ሄዶ በሦስት እጥፍ ይገዛል፣ ካለው። የኛ ቀበሌ ካርድ ሰባት መስመር ነበረው። አንዱ የአባወራው፣ አንዱ የእማወራዋ፣ አምስቱ የልጆች። መጀመሪያ ሊቀመንበሩ የወረቀቱ ነገር ነው፣ ማተሚያ ቤቱ እንዲህ አድርጎ ላከልን ብሎ ነበር። ከጊዜ በኋላ ወረቀቱ ሕግ ሆነ። ስብሰባ ጠርቶ፣ ለአንድ ቤት ሰባት አፍ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ የሚወልድ የጎረቤቱን ስኳር ነው የሚልሰው አለ። ሌላ ቀበሌ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። የኛ ግን እንዲህ ነበር።

እኛ አምስት ልጆች ነበሩን፤ ካርዱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ባለቤቴ ስድስተኛውን ወለደች። ላስመዘግብ ሄድኩ። ጸሐፊው ቀጭን ሰው ነው፣ መነጽር ያደርጋል። ካርዱን አየና ከስድስቱ አንዱን ምረጥና ልፋቀው አለኝ። ልጅ እንዴት ይፋቃል አልኩት። በእርሳስ ነው የተጻፈው፣ አይከብድም አለና ላጲሱን አሳየኝ። ኮሌታውን ይዤ በጠረጴዛው ላይ ጎተትኩት። በሩ ላይ የነበረው አብዮት ጥበቃ በጠመንጃ ሰደፍ ጎኔን አለኝ። ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰብሮ ወር ሙሉ ካባ አልወጣሁም።

ያ መስመር በሰፈራችን ብዙ ነገር ሠርቷል። ከኛ በታች ያለች ሴት አምስት ልጅ እያላት አረገዘች። መስመር የለም ብላ የማያውቁትን ሥር ቀቅላ ጠጣች፤ ደም ፈሶባት በሦስተኛው ቀን ሞተች። ባልየው ከቀብር በተመለሰ በሳምንቱ ቀበሌ ሄዶ የሷን ስም አስፍቆ፣ ተሸሽጎ የኖረውን የወንድሙን ልጅ በቦታዋ አስጻፈ። ማንም አልገረመውም። እኔንም አልገረመኝም፤ ይኼ ነው ዛሬ የሚገርመኝ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ የሌሉ ሦስት ልጆች ጽፎ ተገኘ። አሻጥረኛ የሚል ካርቶን አንገቱ ላይ አንጠልጥለው፣ በየመንገዱ እየተፋበት፣ ልጆቹ እያዩ አዞሩት። ከዚያ ወሰዱት። ከሄደበት አልተመለሰም።

እንግዲህ ሰው መላ አያጣም። የሌለ ልጅ መጻፍ ያስገድላል፤ ያለ ልጅ ግን ሌላ ሰው ካርድ ላይ ቢጻፍ ማን ያውቃል። ማስጠጋት እንለው ነበር። ልጅ የበዛበት ልጅ ወደሌለው ያስጠጋል፤ ያም የልጁን ድርሻ እየተቀበለ ግማሹን ለወላጅ ይሰጣል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የሰፈሩ መካን ሁሉ የልጅ አባትና እናት ሆኖ አረፈው። ጸሐፊው ያውቅ ነበር። ከሰባት እስካላለፈ ድረስ ዝም ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ቤት ውስጥ ስኳር አለ፣ ከድርሻችን በላይ። ከየት ነው አልኩ። ባለቤቴ አልፈራችም፤ ሁለተኛውን ልጃችንን ዘበኛው ካርድ ላይ አስጠግቼዋለሁ፣ የሱን መስመር ለሕፃኑ ሰጥተውናል አለች። እጄን አነሳሁባት። ፊቷን መታኋት። አመመኝ ብል ውሸት ነው፤ ያን ጊዜ አላመመኝም። ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገችና፣

«እሱ ጀርባዬን መታኝ፣ አንተ ደግሞ ፊቴን» አለችኝ። «እሱ ግን ስኳር አመጣ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ውስጥ እጄን አንሥቼ አላውቅም። ተጸጽቼም አይደለም፤ የምመልሰው ስላጣሁ ነው።

ልጁ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። ከስድስቱ እሱን የመረጠችው ዘበኛውን የማይፈራ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። በፊት በሩ ላይ ድንጋይ ሲወረውር ተይዞ ጆሮውን ሲጠመዝዘው እጁን ነክሶታል። ሰውየው ነክሻውን ሲያየው ሳቀ አሉ። ትምህርት ቤት ሲገባ የቀበሌ ወረቀት ተጠየቀ፤ ወረቀቱ ላይ የአባት ስም የዘበኛው ነው፣ ስለዚህ ትምህርት ቤትም በዚያው ስም ገባ። አስተማሪ ስሙን ከነአባቱ ሲጠራ አቤት የሚለው በዚያ ሰውዬ ስም ነው። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር። ወንድሞቹና እህቶቹ የዘበኛው ልጅ እያሉ ያበሽቁት ነበር። ሲቆይ ግን ትምህርት በሌለ ቀን ዘበኛውን ተከትሎ ተራራ መውጣት ጀመረ። የእግር መንገዱን ሁሉ፣ ዋሻውን፣ ምንጩን ለየ። ኦሮምኛ ለመደ። እኔን አባዬ ይላል፣ እሱን አባባ። አንድ ጊዜ ሰውየው ልጁን ሚዳቋ ሲያሳየው ከሩቅ አየኋቸው፤ ልጁ ትከሻው ላይ ነው፣ እኔ በሰበርኩት ትከሻ ላይ። ቆሜ አየሁና ወደ ካባዬ ተመለስኩ።

ስኳሩ ግን አልቆመም። እኔም ስኳሩን አልተውኩም።

ዓመታት ሄዱ። ብሔራዊ ውትድርና መጣ። የመጀመሪያ ልጄ በአፈሳ ተያዘ። ኳስ ሜዳ ላይ ነበር፣ ጠራራ ፀሐይ፤ የጭነት መኪና በሁለት በኩል ገብቶ ልጆቹን መሐል አስቀሩ። አንዱ ጓደኛው ሊሮጥ ሲል ታፋውን በጥይት መቱት። ልጄ ያን የተመታውን ሊያነሣ ሲጎነበስ ነው አሉ የያዙት። እናቱ ጫማውን ይዛ መኪናው ድረስ ሮጠች፤ በዱላ ክንዷን መትተው አስጣሏት። በዓመቱ ወረቀት መጣ። ሰሜን ቀረ። ቀበሌው ስብሰባ ላይ የጀግና አባት ብሎ አስጨበጨበልኝና ሳሙና ሰጠኝ።

በማግሥቱ ጸሐፊው አስጠራኝ። ዓይኔ እያየ የልጄን ስም በላጲስ ፋቀው። ብናኙን በትንፋሹ እፍ አለና፣ አሁን መስመር አለህ፣ የምታስገባው ልጅ አለህ ወይ አለኝ። ቀና ብሎ በመነጽሩ አየኝ። ስለ ሁለተኛው ልጄ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ወደ ካርድህ መልሰው ማለቱ ነው። ዛሬ ሳስበው ለደግ ነበር ያለው፣ የሚመጣውን ያውቅ ነበርና። እኔ ግን ግትር ነኝ። በሞተው ልጄ መስመር ላይ በሕይወት ያለውን አላስጽፍም፣ ባዶውን ይቀመጥ አልኩት። እንደፈለግህ አለና መዝገቡን ዘጋው። ይህችን ቃሌን ነው እስከ ዛሬ የማኝካት።

ወር ሳይሞላ አዲሱ ትእዛዝ መጣ። ከእንግዲህ አፈሳ ቀርቷል፣ በካርድ ነው ተባለ። ዕድሜው የደረሰ ወንድ ካለበት ካርድ ሁሉ አንድ ይወጣል፤ አንድ የሰጠ ቤት ሁለተኛ አይጠየቅም። እኔ ሰጥቻለሁ። ልጁ በኔ ካርድ ላይ ቢሆን ኖሮ ነፃ ነበር። የዘበኛው ካርድ ግን ማንንም አልሰጠም፣ ያለውም አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ። ስሙ ቀበሌ አደባባይ ከነአባቱ ተነበበ። ዘበኛው ከተቀመጠበት ተነሥቶ አቤት አለ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ጭብጨባ ነበር፤ እጄ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ልጁ የለም። ዘበኛው ይዞት በባሕር ዛፉ ውስጥ ወጥቶ፣ ከእንጦጦ ማዶ ካለች የራሱ እህት ዘንድ አድርሶት ብቻውን ተመለሰ። እኔ አላወቅሁም። ባለቤቴ ታውቅ ነበር፤ ስንቁን የቋጠረችው እሷ ናት።

አብዮት ጥበቃዎቹ ረፋድ ላይ መጡ። የዘበኛውን በር ክፍት ሳለ በእግራቸው ገነጠሉት። ልጅህ የት ነው ሲሉት እንጃ አለ። እዚያው ደጃፉ ላይ ጀመሩት። አንዱ ትከሻውን ረገጠ፣ የታመመውን እንዴት እንዳወቀ እንጃ። ጎትተው ሲወስዱት የኔን በር ሲያልፍ ቀና ብሎ አየኝና አንገቱን በትንሹ ነቀነቀ፤ ዝም በል ማለቱ ነበር። ለኔ አዝኖ እንደሆነ፣ ወይ ንቆኝ እንደሆነ ያኔ አልለየሁም።

ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ቀበሌው ከግቢያችን ሩቅ አይደለም፣ ጩኸቱ ይሰማል። ወፌ ላላ አደረጉት። የማያውቅ ካለ እጅና እግርን አንድ ላይ አስሮ፣ በጉልበት ሥር ዱላ አሾልኮ፣ ሰውን እንደ በግ ዘቅዝቆ አንጠልጥሎ ውስጥ እግሩን መግረፍ ነው። መጀመሪያ ይሳደብ ነበር፣ እንደ ልማዱ በሁለት ቋንቋ። ከቀትር በኋላ መሳደቡ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ጩኸቱም ቀረ፤ የሚገርፉበት ጎማ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ እርጥብ ነገር ላይ ሲያርፍ። እኔ ግቢ ውስጥ ድንጋይ እፈልጥ ነበር። የሚሠራበት ሰው የለም፤ ዝም ብዬ እፈልጣለሁ፣ ያን ድምፅ እንዳልሰማ።

ብናገር ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። አሻጥረኛ እባላለሁ፣ ካርዱ ይቀማል፣ አራት ልጅና እናታቸው ይራባሉ፤ እኔም ካርቶን አንገቴ ላይ ይንጠለጠላል። ባልናገር ደግሞ ሰውየው ይሞታል። እንዲሞት አንድ ጊዜ መዶሻ ይዤ የወጣሁበት ሰው ነው። ይህንንም አስቤዋለሁ፤ ያሰብኩትን ልደብቅ አልፈልግም።

በሁለተኛው ቀን ማታ ባለቤቴ እራት አቀረበችና አጠገቤ ሳትቀመጥ ቆመች።

«ትናገራለህ ወይስ እኔ ልሂድ?» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ አባወራ ሁሉ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ ልጁን የሸሸገ ምን እንደሚደርስበት እንድናይ ነው። ዘበኛውን ሁለት ሰው ደግፈው አወጡት፣ መቆም ስላልቻለ መሬት ላይ አስቀመጡት። እግሩ እግር አይመስልም፤ አብጦ ተሰንጥቋል፣ ዝንብ ሰፍሮበታል። ሊቀመንበሩ በሰው ፊት ደግሞ ጠየቀው፣ ልጅህ የት ነው። ባውቅም አልነግርህም አለ። አንዱ አብዮት ጥበቃ አፉን በጫማው መታው።

ተነሣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጁ የኔ ነው» አልኩ። «ወልጄ እሱ ካርድ ላይ ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ፣ የሰጠ ቤት አይጠየቅም ብላችኋል። ሰውየውን ልቀቁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ማንም ቀና አላለም። እዚያ ከተቀመጠው አባወራ ግማሹ ያስጠጋ ነው፣ ግማሹ የተጠጋለት። እኔ ስናገር የራሳቸውን ካርድ የሚያዩ ይመስል እግራቸውን ነው የሚያዩት።

ሊቀመንበሩ ወደ ዘበኛው ዞረና እውነት ነው ወይ አለው። ሰውየው አፉ ውስጥ የነበረውን ደም ተፋ። ከዚያ ሳቀ፤ በዚያ ፊቱ ሳቀ።

«ይኼ ሰውዬ የድሮ ጠላቴ ነው» አለ። «ትከሻዬን የሰበረው እሱ ነው፣ ጥርሱን ያራገፍኩት እኔ ነኝ። ሰፈሩን ጠይቁ። የሱ ልጅ ሰሜን ቀርቷል፤ አሁን የኔን ሊቀማ መጣ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ ግቢው። ጠባችንን የማያውቅ የለማ፣ ስንት ዓመት መጠጥ ቤት ያወሩት እሱን ነው። ሁሉም እውነቱን ነው፣ እውነቱን ነው፣ ጠላቱ ነው አለ። የኔን እውነት እያወቁ የሱን ውሸት መሰከሩ፤ የኔ እውነት ቢታመን ነገ በየቤታቸው ይመጣባቸዋል። ሊቀመንበሩ ጸሐፊውን መዝገብ አውጣ አለው። ጸሐፊው መነጽሩን ጠርጎ ገለጠና የልጁን ስም ከነአባቱ አነበበ፣ የዘበኛውን ስም። እኔን አላየኝም።

«መዝገብ አይዋሽም» አለ ሊቀመንበሩ።

መዝገቡ ውሸት ነው እያልኩ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ፊደል በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩ ሰው ነኝ፣ ስም ማንበብ እችላለሁ፤ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ልፍቀው ሞከርኩ። ሰደፉ ግራ ጆሮዬን አገኘው። ከዚያ የማስታውሰው መሬቱን ነው፣ ጫማዎቹን ነው። ስንት እንደሆኑ አላውቅም። በዚያ ጆሮ እስከ ዛሬ አልሰማም።

ዘበኛውን በስድስተኛው ቀን ለቀቁት፤ ይሞታል ብለው ነው የለቀቁት። እኔ ነኝ ሄጄ ያመጣሁት፣ በጀርባዬ አዝዬ። ራሴ በጨርቅ ተጠምጥሟል፣ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያየናል። ግማሽ መንገድ ላይ የምሰማበትን ጆሮዬን ወደ አፉ መለስ አድርጌ ለምን ዋሸህ አልኩት። ብትታመን ኖሮ አንተንም ያስሩሃል፣ እኔንም አይለቁኝም፣ ልጁንም ሸሽቷል ብለው አይተዉትም አለ። ሦስት ሰው ከሚሄድ አንድ እግር ይሂድ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ፣

«አንተ ስድስት ወልደሃል» አለኝ። «እኔ አንዲት መስመር ናት ያለችኝ።»

ልጁ የኔ ነው አልኩት። ካልተስማማህ አውርደኝ አለ። ላወርደው አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እጄን ላላ አድርጌ ነበር። ግን መንገዱ ዳገት ነው፣ እሱም እግር የለውም። ቤት ድረስ ተሸከምኩት።

የቀኝ እግሩ ተበላሽቶ ሐኪም ቤት ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። ግራው በጣቶቹ ፈንታ ጠባሳ ቀረው። ከዚያ ወዲያ ተራራ አልወጣም። ባለቤቴ ጧት ጧት በጨው ውሃ ታጥበዋለች፣ ያ አለንጋ የያዘውን ሰው። ይቅርታ ሲጠይቃት ሰምቼ አላውቅም። ገመድ መቁረጤ ሥራዬ ነበር ነው የሚለው። ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ወር ሙሉ ጠፍር ሲገምድ ከረመና ለሷ ሰጣት፣ ረጅም፣ ደህና ገመድ። እሷም እንጨት አልወጣችበትም። ግቢው ውስጥ ወጥራ ልብስ ታሰጣበት ነበር።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ልጁ መጣ። ጢም አውጥቷል፣ አማርኛው ከበድ ብሏል። ግቢው በር ላይ ቆመ። እኔ የራሴ በር ላይ ነበርኩ፣ እናቱ ከኋላዬ። እኛን አየ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ መጀመሪያ ወደ ዘበኛው በር ሄደ። ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን እግር ሳመ። ቀጥሎ ወደኛ መጣና እናቱ ላይ ተጠመጠመ። ቅር አለኝ። አሁንም ቅር ይለኛል።

ዘበኛው ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ፣ ልጁ እያጎረሰው። ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሰፈር ለሰፈር የእገሌ አባት ዐርፈዋል እያለ በልጄ ስም ለፈፈ። ሰው መጥቶ ልጄን እግዜር ያጽናህ ይላል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፣ ለኔ የሚል የለም። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ከበፊቱ ቀሎኝ ነበር።

ወረቀቱን እናስተካክል ብዬ ልጄን ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። አዲስ መታወቂያ ሲሰጥ አንድ ጊዜ፣ ሲያገባ አንድ ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ አባዬ ተወው አለኝ። ልጆቹ ዛሬ በዚያ ሰውዬ ስም ነው ትምህርት ቤት የሚጠሩት።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የካ አባዶ እሱ ዘንድ ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ባለፈው ነዋሪ ልትመዘግብ አንዲት ወጣት መጣች። በሩ ላይ ቆማ የልጄን ስም ከነአባቱ ጻፈች፣ የሚስቱን፣ የልጆቹን። መስመሩ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኋት። አልገባትም፤ አባባ፣ የፈለጉትን ያህል ሰው ይጻፋል አለች። ከዚያ የኔን ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከልጄ ስም ጋር አስተያየችውና አልገጠመላትም።

«አባባ፣ ለአባወራው ምናቸው ነዎት?» አለችኝ።

ልጄ ከውስጥ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሰማሁት። እኔ ቀደምኩት።

«የአባቱ ጎረቤት ነኝ» አልኳት። ጻፈችው።